ታይፎይድ የያዘው አሳ

በአዳማና በአዋሽ ዙሪያ ባሉ ሞቃት ከተሞች ሰው እንዲታመም የተፈቀደለት ሁለት በሽታ ብቻ ነው፤ ወባና ታይፎይድ። ብርድ ብርድ ካለው ወባ ነው። ሆዱን ከቆረጠው ታይፎይድ ነው። ሁለቱም ከሆነበት “ተደርቦበት ነው” ይባላል። ላቦራቶሪ የሚኬደው ጎረቤት የወሰነውን ለማጽደቅ ነው። ውጤቱ “ነጻ” ቢል እንኳ “ደም ውስጥ ተደብቆ ነው” ይባልና ሰውየው በሽታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የአርሲዋ አቦምሳም ከዚህ ሕግ አልወጣችም። ስለዚህ በአንድ ሻይ ቤት አኳሪየም ውስጥ የሚኖሩ ጎልድፊሾች ሲታመሙ “ታይፎይድ ነው” መባሉ አይደንቅም። የሚደንቀው “ወባ ነው” ብለው የተሳቀባቸው ሽማግሌ ከሁሉም ይልቅ ለእውነቱ ቀርበው መገኘታቸው ነው። እሱን ስንደርስበት እናየዋለን።

የሻይ ቤቱን ባለቤት ሁሉም “ጋሼ” ስለሚላቸው እኔም ጋሼ ልበላቸው። ጋሼ አዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት አንድ ካፌ ውስጥ አኳሪየም ያያሉ። ልብ ብለው ያዩት ግን አሳዎቹን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። አንዱ ማኪያቶውን ጨርሶ ሊነሳ ሲል ዓይኑ አሳው ላይ ይቀርና ሁለተኛ ያዛል። ጋሼ ነገሩ ገባቸው። የመስታወቱን ሣጥን፣ አየር የሚነፋውን ሞተር፣ ማጣሪያውንና አምስት ጎልድፊሾች ገዝተው ተመለሱ። አሳዎቹ የመጡት ግማሹ ውሃ ግማሹ አየር በሆነ ፌስታል ተቋጥረው ነው። ከአዳማ በተሳፈሩበት አባዱላ ውስጥ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ረዳቱ “ጋሼ፣ ይሄ ቢፈስ ማን ሊጠርገው ነው?” አላቸው። ከኋላ ያለ ተሳፋሪ ደግሞ አንገቱን አስግጎ “ይቅርታ ጋሼ፣ ይቺ ለስንት ሰው ትሆናለች?” ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው አቦምሳ ድረስ ተከትሏቸው መጣ። አኳሪየሙ የተቀመጠው ባንኮኒው ላይ፣ በመርቲ የቲማቲም ድልህ ጣሳዎችና በቴሌቪዥኑ መካከል ነው። ከበላዩ የተለጠፈው የምግብ ዝርዝር ደግሞ “አሳ ጉላሽ፣ አሳ ለብለብ” ይላል። የዝዋይ ቆሮሶ እየበላ ጎልድፊሽ የሚያደንቅ ደንበኛ “ይሄስ ይበላል?” ብሎ ባይጠይቅ ነበር የሚገርመው። ጾም ሲገባ ጉዳዩ ይከብዳል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር አኳሪየሙ ፊት ይነሳል፤ አሳዎቹም አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ያዳምጣሉ።

ደንበኛ ዝም ብሎ ማየትም አይሆንለትም። ፈንዲሻ ይጥላል፣ የዳቦ ፍርፋሪ ይጥላል፤ አንዱማ ከሳምቡሳው ውስጥ ምስር ለቅሞ አጉርሷል። በእኛ ደንብ የወደዱትን ሁሉ ማጉረስ ነው። ጎልድፊሽ ግን ጨጓራ የለውም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የካርፕ ዘመድ ነውና ምግቡ ከጉሮሮው ቀጥታ ወደ አንጀቱ ነው የሚያልፈው። በከተማው ውስጥ “ጨጓራዬን” ብሎ የማያውቅ ብቸኛ ነዋሪ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ማጠራቀሚያ ስለሌለው የበዛበትን ምግብ በደንብ ሳይፈጨው ያስወጣዋል፤ ያም በዚያው በሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ተዘጋጅቶለት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አስተናጋጇ “ጋሼ፣ አሳዎቹ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል” አለች። እውነትም ክንፋቸውና ጅራታቸው ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ወጥተዋል። ክንፋቸውን አጣብቀው ይቆዩና ድንገት ተወርውረው ከታች ካለው ጠጠር ጋር ይተሻሻሉ። ወዲያው የሐኪሞች ቦርድ ተሰየመ። ሻይ ቤት ውስጥ የቦርድ አባል ለመሆን ሻይ ማዘዝ ይበቃል።

መጀመሪያ የተናገረው ባጃጅ ነጂው ነው፤ “ምች ነው፤ መስኮት ሥር ስላሉ ፀሐይ መትቷቸዋል። ዳማከሴ ይጨመቅላቸው” አለ። ከሰል የሚሸጡት እማማ “ዓይን ነው” አሉ። ይህ አባባል ክብደት ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያፈጥበት የሚውል ፍጥረት በዓይን ካልታመመ ማን ሊታመም ነው? አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው “ወባ ነው” ሲሉ ግን ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ “አባ፣ ትንኟ ዋኝታ ገብታ ነው የነደፈቻቸው?” በመጨረሻ ሰፈሩ “ዶክተር” የሚላቸው ጡረተኛ ድሬሰር መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስታወቱ ተጠጉ። “ሽፍታ አለው። ምግብ ዘግቶታል። ደክሞታል። ታይፎይድ ነው” አሉ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

መድኃኒቱም ሩቅ አልነበረም። በየቤታችን ቡፌ ውስጥ፣ ከሠርጉ ብርጭቆዎች ጀርባ፣ ተጀምሮ ያላለቀ መድኃኒት አይጠፋም። “ሲሻለኝ ተውኩት” የተባለ አሞክሳሲሊን፣ ለማን እንደታዘዘ የተረሳ ፍላጂል፣ ስሙ ከላስቲኩ ላይ የተፋቀ ክኒን። ድሬሰሩ ያስመጡት ቴትራሳይክሊን ነው። መጠኑንም “ለአዋቂ ሰው በቀን አራት ጊዜ ነው፤ እነሱ ደግሞ አምስት ናቸው” እያሉ አሰሉት። ስንት ግራም ለሚመዝን አዋቂ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ካፕሱሉ እየተፈታ ዱቄቱ ውሃው ላይ ተነሰነሰ። ሲመሽ ውሃው ቢጫ ሆነ፤ በማግስቱ ቡናማ ሆኖ አረፋ ለበሰ። አዲስ የገባ ደንበኛ አሳዎቹን ፈልጎ ቢያጣቸው “ጋሼ፣ ሻዩን እዚህ ነው እንዴ የምታፈሉት?” አለ።

ስህተቱ አንድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነጩን ነጥብ የሚያመጣው ባክቴሪያ አይደለም፤ አሳ አርቢዎች “ኢክ” የሚሉት ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ሌላም አለ። ሐኪም “ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር እንዳትወስድ” የሚለው በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ጠፍሮ ሥራ ስለሚያስፈታው ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃም ያንኑ ያደርጋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት በሚጋገርበት ቤት ይህ መድኃኒት አሳው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

መንገድ ላይ ያልቀረው ደግሞ የባሰ ያጠፋል፤ አግኝቶ የሚመታው ወዳጅን ነውና። አሳ ከስንጥቡ ሳያቋርጥ አሞኒያ ያወጣል። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያንን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት እየለወጡ ቤቱን ያጸዳሉ። ደመወዝ የማይጠይቁ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እነሱን የሚገድል መድኃኒት ሲገባ አሞኒያው መከማቸት ይጀምራል። የውሃው ፒኤች 7 ከሆነ ከዚያ አሞኒያ ውስጥ መርዛማ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ፒኤቹ 9 ከደረሰ ግን ከሲሶው በላይ መርዝ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፒኤቹ ወደ ላይ የሚያደላ ውሃ ብርቅ አይደለም።

አሳዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው በላይ እያደረጉ መተንፈስ ጀመሩ። ታፍነው ነበር። ድሬሰሩ “አያችሁ፣ መነቃቃት ጀመሩ! ጨምሩላቸው” አሉ።

በዚህ ጊዜ ነው አንዱ “የባህል መድኃኒትስ ለምን አይሞከርም?” ያለው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ባህላችን ለአሳ የሚያውቀው መድኃኒት ብርብራ ነው። ወባ ያሉት ሽማግሌ በልጅነታቸው አዋሽ ዳር የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ሲበትኑ፣ አሳው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ በእጅ እየለቀሙ ይጠብሱ እንደነበር አጫወቱን። ሌላው “እንግዲያው ሣጥኑ በእንዶድ ይታጠብ” አለ። እንዶድ ልብስ ሲያጠራ የኖረ ተክል ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኘው ጊዜ፣ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል ርካሽ ነገር በደጃችን እንዳለ ታወቀ። ለዚህ ሥራ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ነገር ግን እንዶድ ከቀንድ አውጣው ጋር አሳውንም ይገድላል። “አባቶችን ጠይቅ” የሚለው ምክር በብዙ ነገር ያዋጣል፤ በዚህኛው አያዋጣም። አባቶቻችን ከአሳ ጋር የነበራቸው ጉዳይ ማስታመም አልነበረም።

የሚሆነው ምክር የመጣው በስልክ ነው። አዳማ የሚማረው የጋሼ የእህት ልጅ ነገሩን ሰምቶ ደወለ።

“ጋሼ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትጨምሩ።”

“እሺ ልጄ፤ ታዲያ ምን ልስጣቸው?”

“ምንም።”

“እሱ ደግሞ የት ነው የሚሸጠው?”

ልጁ ከሳቀ በኋላ አስረዳቸው። በተሳሳተ መድኃኒት ላይ የሚደረገው ሌላ መድኃኒት አይደለም፤ የገባውን ማውጣት ነው። ከውሃው ሲሶ ያህሉን ቀድቶ መድፋት፣ በሙቀቱ የሚቀራረብ ንጹህ ውሃ ቀስ አድርጎ መሙላት፣ በማግስቱም እንደዚያው። ሁሉንም በአንዴ መለወጥ የተዳከመውን አሳ ያስደነግጠዋል። የአየር ሞተሩ እንዳይቆም። ማጣሪያው በበረኪና እንዳይታጠብ። ምግብ ለጥቂት ቀን ይቁም።

ይህ የመጨረሻው ቤቱን አስቆጣ። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ ሁሉ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ “ትንሽ ቅመስ እንጂ” እያለ አልጋው ጫፍ በሚቀመጥበት አገር በሽተኛ ማስራብ ምን ይባላል? እማማ “ጭካኔ ነው” አሉ። ጎልድፊሽ ግን ሳይበላ ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም። የማይችለው በራሱ ቆሻሻ ውስጥ መተንፈስን ነው።

ውሃው ላይ ደግሞ ያልታሰበ ዕድል ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ለአሳ አይሆንም፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ያህል ክዳኑ ተከፍቶ ማደር አለበት። የአሳ መጻሕፍት ይህን እንደ ትልቅ ምሥጢር ይመክራሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን ያላደረ ውሃ ማግኘት ነው የሚቸግረው። ጓሮው ሙሉ በርሜል፣ ኮሪደሩ ሙሉ ጄሪካን። የውሃ ፈረቃ በሕይወቴ አንድ ፍጡር ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው። እማማም በበኩላቸው “በሰው እጅ ካልሆነ በእግዜር ይሁን” ብለው አንድ ጄሪካን ጸበል አመጡ። ልጁ በስልክ ሲጠየቅ “ከምንጭ የመጣ፣ ክሎሪን የሌለበት ንጹህ ውሃ ነው አይደል? ይግባ” አለ። በዚያ ሣምንት ሃይማኖትና ሳይንስ ሳይጣሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ገቡ።

ልጁ ከሰልም መክሮ ነበር፤ የእሱ ጉዳይ ትንሽ አከራከረ። መድኃኒትን ከውሃ የሚስበው ለዚሁ ተብሎ በብርቱ ሙቀት የተዘጋጀ ከሰል ነው፤ አንዷ ግራም በውስጧ ባሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች ብዛት የመቶዎች ካሬ ሜትር ገጽ ይኖራታል። ብዙ መድኃኒት የሚያድርባት ቤት ናት ማለት ነው። እማማ “ከሰል ከሆነማ እኔ አለሁ” ብለው ከጆንያቸው ሊዘግኑ ተነሱ። የምድጃ ከሰል አቅሙ ያነሰ ነው፤ አመድ ከያዘ ደግሞ ፒኤቹን ሽቅብ ሰቅሎ አሞኒያውን መርዛም ያደርገዋል። ስለዚህ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ እንደገና ታጥቦ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ማጣሪያው አጠገብ ተቀመጠ። እማማ ከሰል እያጠቡ ሲያዩአቸው መንገደኛው ሁሉ ቆሞ “ምን ነካቸው?” ይል ነበር።

መብራት ደግሞ እንደ ልማዱ ጠፋ። ሙቅ ውሃ በተፈጥሮው ብዙ አየር አይዝም፤ በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዘው ውሃ 30 ዲግሪ ሲደርስ 7.5 ገደማ ነው የሚይዘው። በአቦምሳ ሙቀት ሞተር የቆመበት አኳሪየም የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። አስተናጋጇ ማንም ሳይነግራት በጆግ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታንቆረቁረው ጀመር። ክንዷ ሲዝል ባጃጅ ነጂው ተቀበላት፤ ከእሱ ድሬሰሩ ተቀበሉ። እስከ ማታ ድረስ ሻይ የጠጣ ሁሉ ተራ ደርሶታል። ሕክምናው ይህ ነበር፤ ውሃ ማንሳትና ውሃ ማፍሰስ።

ቡናማው ውሃ ሲጠራ ነጩ ነጥብ እዚያው ነበር። ያልታከመው የመጀመሪያው በሽታ ወረፋውን ጠብቆ ቆሟል። ኢክ ሦስት ዓይነት ኑሮ አለው። በአሳው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ሲበላ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲጠግብ ተላቆ ጠጠሩ ላይ ይቀመጥና ሽፋን ለብሶ በመቶዎች ይባዛል፤ ያኔም አይነካም። ልጆቹ ሽፋኑን ቀደው ሲወጡ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሳ ካላገኙ ይሞታሉ። የሚመቱት በዚያች መንገድ ላይ ባሉባት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብዙ መድኃኒት መጨመር ከንቱ ነው፤ የሚያስፈልገው ጥቂቱን ለብዙ ቀን ሳያቋርጡ መያዝ ነው። በሞቃት ውሃ ዑደቱ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ስለሚዞር የአቦምሳ ሙቀት ይህን ጊዜ ጠቀመ። መድኃኒቱስ ምን ነበር? ጨው። በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም፣ ቀስ በቀስ ተጨምሮ፣ ከጠጠሩ ላይ ቆሻሻው በቱቦ እየተሳበ። አስተናጋጇ መጀመሪያ “ጨው የተነሰነሰ ይመስላል” ያለችው አሁን እውነት ሆነ።

ሽማግሌውስ? ኢክና የወባ ተሕዋስ ሁለቱም ባለ አንድ ሴል ናቸው፤ በሳይንስ ምደባም ከአንድ ታላቅ ቤተሰብ ይመደባሉ። የድሮ አሳ አርቢዎች ነጩን ነጥብ የሚያክሙት በኪኒን ነበር፤ ዛሬም የባሕር አሳ የሚያረቡ ሰዎች ክሎሮኪን ይጠቀማሉ። በአሳ ቤት ሁሉ የማይጠፋው ሰማያዊ ቀለም፣ ሜቲሊን ብሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ጀርመን አገር ለጨርቅ ማቅለሚያ የተሠራ ነው፤ በ1891 ፖል ኤርሊክና ፖል ጉትማን በርሊን ላይ የወባ በሽተኞችን አክመውበታል። ድሬሰሩ ለአሳው ያዘዙት የሰው መድኃኒት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አልነበረም፤ የሌላ በሽታ መድኃኒት መሆኑ ነው እንጂ። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። “ስንት ዓመት ወባ የያዘው ሰው ወባን ሲያይ ያውቃታል” አሉኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ስለ አሳ ሳይሆን ስለ እኛ ነው። “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው” የሚለውን ቃል በቃል ወስደነው፣ እያንዳንዳችን በሽተኛ ቤት አንድ አንድ መድኃኒት ይዘን እንገባለን። ፍቅራችን ሁሉ መጨመር ነው፤ ምግብ መጨመር፣ ክኒን መጨመር፣ ምክር መጨመር፣ ሰው መጨመር። ታማሚው ሲብስበት የጎደለ ነገር ያለ ይመስለንና እንደገና እንጨምራለን። አንዳንዴ ግን የሚያስፈልገው የበዛውን የሚቀንስለት ሰው ነው፤ መስኮት የሚከፍት፣ ጠያቂውን በር ላይ የሚያስቆም፣ የቡፌውን ካፕሱል ወስዶ የሚጥል። ያለ ቦታው የገባ አንቲባዮቲክ ሰው ውስጥም ማጣሪያ ስፖንጅ ውስጥም ጠንካራውን ተሕዋስ መርጦ ያስተርፋል። ቀናሽ ሰው ግን በእኛ ዘንድ ምስጋና የለውም። ብርቱካን ያመጣው ይመረቃል፤ አልጋ ልብስ ያጠበውን የሚያስታውሰው የለም።

ከአምስቱ አሳዎች ሦስቱ ድነው ሲዋኙ ይህንኑ አየሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያዳናቸው ማን እንደሆነ ክርክር ተነሳ። እማማ ጸበሉ ነው አሉ። የሻይ ቤቱ ወጥ ሠሪ ጨው የወጣው ከእሷ ጓዳ እንደሆነ አሳሰበች። ባጃጅ ነጂው ማንም ሳያየው ዳማከሴ ጠብ አድርጌ ነበር አለ። ውሃ ሲያመላልስ የከረመው ጆግ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ስሙን ያነሳ የለም። በመጨረሻ ድሬሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው “ቴትራሳይክሊን እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው” አሉ።

ጋሼ ብርጭቆ እያጸዱ ቀና አሉና “ልክ ነዎት ዶክተር” አሏቸው፤ “ለዚህ ነው ሥራውን ሳይጨርስ የደፋነው።”